ጠመኔውን ያጠበው ዝናብ

ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ አርባ ቤት ላድን ተነሥቼ፣ አርባውንም ላስፈርስ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ይህን ስናገር አንገቴን አልደፋም። አንገት መድፋት አልተማርኩም፤ ያሳደጉኝን ሰዎች ስታውቋቸው ለምን እንዳልተማርኩ ይገባችኋል።

አሁን ሥራዬ ካርታ መሣል ነው። ለዚህ ብዬ ማንም ፊት ደብተር ይዤ አልተቀመጥኩም። መስመሩንም፣ ልኬቱንም፣ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ማሳየቱንም ሌሎች የጣሉትን ወረቀት እያነሣሁ ለብቻዬ ነው የለመድኩት። ዲግሪያቸውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ባልደረቦቼ «የማን ተማሪ ነሽ?» ሲሉኝ «የራሴ» እላቸዋለሁ፤ ከፈለጉ ይዋጡት። ባለፈው ወር ግን አንድ አሮጌ ፋይል እጄ ገባ፤ ያ መልሴም ግማሽ ውሸት ሆኖ ተገኘ።

ከፋይሉ በፊት ግን ሰፈሩን ልንገራችሁ።

ሰፈራችን ከከተማው ዳር፣ የክር ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ያሠራው ሰፈር ነበር። አንድ መንገድ፣ በግራ ሃያ፣ በቀኝ ሃያ፣ እንደ ጥርስ የተደረደሩ አርባ ቤቶች። እኔ ነፍስ ሳውቅ ፋብሪካው ተዘግቷል፤ ሠራተኞቹ ሸምግለዋል፤ ልጆቻቸው ወደ መሀል ከተማ ገብተዋል፤ ጥርሱም መነቃነቅ ጀምሯል። በሩ ከመቃኑ አይገጥምም፣ ወለሉ ይሰምጣል፣ ግድግዳው ይላጣል። ከአልጋዬ በላይ ከጣሪያ እስከ ወለል የወረደ ስንጥቅ ነበር። እኔ ግራና ቀኙን በእርሳስ ቤት፣ ድልድይ፣ ገበያ እየጨመርኩ ወንዝ አደረግኩት። የመጀመሪያ ካርታዬ እሱ ነው። ጋሼ አይቶ ግድግዳ ለምን አበላሸሽ አላለኝም፤ «ይሄ ወንዝ ወዴት ነው የሚፈሰው?» አለኝ።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። እናትና አባቴን ገና በጨቅላነቴ ስላጣሁ ያሳደገኝ እሱ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ሠላሳ ዓመት የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ከመሬት በታች የሚያፈስ ቧንቧ በጆሮው ይለያል። ለዚህ ሥራ በኔ ቁመት ልክ የሆነ የእንጨት ዘንግ ነበረው፤ አንዱ ጫፉ ብረት የለበሰ፣ ሌላው ጫፉ እንደ ኩባያ የተቦረቦረ። ብረቱን ቧንቧው ላይ ያሳርፋል፣ ጆሮውን ኩባያው ላይ ይደግፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። «ደህና ቧንቧ ዝም ይላል፤ የታመመው ነው የሚያንሾካሹከው» ይለኝ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ጆሮ» ይለዋል። እሱ ደግሞ እኔን «ቃሪያ» ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

መሐንዲሷ የመጣችው በበጋ ነው። ሰማዩ ደመና ካየ ወራት ሆኖታል፤ መንገዱ አቧራ ብቻ ነው። ከከተማው ፕላን ቢሮ መሆኗን ተናግራ፣ ጥቅል ካርታዋን የመኪናዋ ኮፈን ላይ ዘረጋችና አራቱን ጫፍ በአራት ድንጋይ አስያዘች። ወጣት ናት፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፤ ድምፅዋ ቀጭን ነው። እኔ በትልልቅ ሰዎች እግር መሀል ተሽሎክልኬ ፊት ቆምኩ። የሰማሁት እንዲህ ቁርጥራጭ ነበር፤ «ነባር ሰፈሮች… መልሶ ማልማት… መሠረት… ከግማሽ በላይ… ካልሆነ ረድፉ በሙሉ ይነሣል።»

«ይነሣል» የምትለዋ ቃል ላይ የመንትዮቹ እናት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሁለቱን ልጆቿን ወደ ቀሚሷ ሳበች። መንትዮቹ የልብ ጓደኞቼ ነበሩ።

«ወዴት ነው የሚነሣው? ቤት እግር አለው እንዴ?» አሉ እትዬ እሬት ከኋላ።

እትዬ እሬት በረድፉ ጫፍ፣ አርባኛው ቤት ውስጥ ለብቻቸው የሚኖሩ ሴት ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ምላሳቸው ነው፤ ፊት ለፊት ግን «እትዬ» ብቻ ነው የሚባሉት። ግቢያቸው የገባ ኳስ አይወጣም። እኔን ባዩ ቁጥር «ይቺ ልጅ ከእግሯ በፊት ምላሷ ነው የተወለደው» ይላሉ። በዓለም ላይ የምጠላው አንድ ሰው ቁጠሪ ብባል ሳላስብ እሳቸውን እቆጥር ነበር።

መሐንዲሷ ሰዉን አሰናብታ ጋሼን ብቻ አስቀረችው። እጁን በሁለት እጇ ስትጨብጥ አየሁ። ጎንበስ ብላ በዝግታ አናገረችው፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ከቦርሳዋ አንድ ፓኮ ነጭ ጠመኔ አውጥታ ሰጠችው። «ለማንም» ስትል ሰማሁ። ልቤ እዚያው ላይ ደነገጠ። ለማንም የማይነገር ነገር ጥሩ ሊሆን አይችልም ብዬ።

በማግስቱ ንጋት ላይ ጋሼ ዘንጉን ይዞ ሲወጣ ተከተልኩት። ከአንደኛው ቤት ጀመረ። ደፉ ሥር ተንበረከከ፣ ቧንቧው ወደ ቤት የሚገባበት ላይ ዘንጉን አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ። ተነሣና በሩ አጠገብ በጠመኔ ክብ ሣለ። ሁለተኛው ቤት ላይም አዳመጠ፤ ምንም ሳይሥል አለፈ። ሦስተኛው ላይ ክብ። የመንትዮቹ በር ላይ ክብ።

«ጋሼ፣ ክቡ ምንድን ነው?»

«የሥራ ነው።»

የኛ በር ጋ ስንደርስ ዘንጉን ትከሻው ላይ አድርጎ አለፈ። አላዳመጠም፤ ቀና ብሎም አላየውም።

«የኛስ?»

«የኛን እኔ አልነካም።»

አሁን አስቡት። ባለፈው ዓመት ከዋናው መንገድ ዳር የነበሩ ዛፎች ላይ ሰዎች መጥተው ነጭ ክብ ቀቡ፤ በሳምንቱ ክብ ያለበት ዛፍ ሁሉ በመጋዝ ወደቀ፤ ክብ የሌለበት ቆሞ ቀረ። እኔም እንደ ማንኛውም የሰፈሩ ልጅ ጉቶዎቹ ላይ ዘልያለሁ። ስለዚህ ክብ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም። ጋሼ የሰውን ቤት ሁሉ ለመጋዝ እየሰጠ ነው። ከአልጋዬ በላይ ያን የሚያህል ስንጥቅ ያለበትን የራሳችንን ቤት ግን ደብቋል።

ይህን የደረስኩበት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ረፋድ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ደርሶበታል። በረድፉ ታችኛው በኩል ያለው ዳቦ ጋጋሪ፣ ጋሼ «ማቡኪያ ማሽኑን ለትንሽ ጊዜ አጥፋልኝ፤ ጉርምርምታው ጆሮዬን ይሸፍነዋል» ብሎ ሲለምነው እጁን እያራገፈ «ቤቴን ልታስፈርስ መጥተህ ዳቦዬንም ላቁምልህ?» አለው። ማሽኑ ሲያጉረመርም ዋለ። ጋሼ የዳቦ ጋጋሪውንና የጎረቤቱን የጫማ ሰፊውን በሮች ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አዳመጣቸውና ራሱን እየነቀነቀ ሳይሥል አለፈ። በሁለተኛው ቀን መንትዮቹ ከበራቸው ሳይወጡ «ጆሮ ጠቢ! የጆሮ ጠቢ ልጅ!» ብለው ጮሁብኝ። ጆሮ ጠቢ ማለት ሰላይ ማለት ነው። እኔ ለስድብ መልስ አጥቼ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ግን አጣሁ።

መልስ ያጣ ሰው ባልዲ ያነሣል። በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ፣ ጀምበር ወደ ማዘቅዘቂያዋ ስታዘነብልና ሰዉ ወደ ጓዳው ሲገባ፣ የወለል መወልወያውን ጨርቅና ግማሽ ባልዲ ውሃ ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ የመንትዮቹን በር። ጨርቁን ነክሬ ፈተግሁት፤ ክቡ ቀለጠ፣ ግድግዳው ላይ ነጭ እንባ ወረደ፣ ደግሜ ፈተግሁ። ከዚያ የሦስተኛውን። የአምስተኛውን። አሥራ አንድ በር ጠረግሁ። ውሃው ወተት መሰለ፤ የቀሚሴ ጫፍ ረጠበ፤ ጣቶቼ ነጡ። ያን ያህል ጻድቅ ሆኜ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልሆንኩም።

ወደ ቤት ልመለስ ስል ከጋሼ ኪስ የወሰድኳት የጠመኔ ስባሪ ትዝ አለችኝ። አርባኛው ቤት ባዶ ነበር፤ ጋሼ ክብ አላደረገበትም። እንዴት እትዬ እሬት ይተርፋሉ? በጣቴ ጫፍ ቆሜ በሩ አጠገብ ቆንጆ፣ ትልቅ፣ የተሟላ ክብ ሣልኩላቸው።

ማታ ጋሼ እራቱን ሳይጨርስ ሳህኑን ገፋው። ጉልበቱን አቅፎ ግድግዳውን ሲያይ ቆየ። እኔ ደግሞ እሱን እያየሁ «ጸጸት ነው» አልኩ በልቤ። «ይበለው!»

ጸጸት አልነበረም። ያን ምሽት ጋሼ ምን ሲያስብ እንደነበር ያወቅሁት ከሃያ ዓመት በኋላ፣ አንድ የፋይል ገጽ ላይ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መሐንዲሷ ካርታዋን ይዛ መጣች። ሥራዋ ክቦቹን ከግድግዳ ወደ ካርታ መገልበጥ ነበር። አንደኛው በር ላይ ክብ አገኘች፤ ሦስተኛው ላይ ግን የተፈተገ ግድግዳ እንጂ ክብ የለም። አምስተኛውም ባዶ። ቆመች።

«አባት፣ ምልክቶቹ የት ሄዱ?»

ሰዉ ከየቤቱ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው እጁ ሊጥ እንደለበሰ መጣ። «ጎሽ! ያጠፋው ሰው እጁ ይባረክ!» አለ። ልቤ በደስታ ደረቴን ሊቀድ ደረሰ።

መሐንዲሷ ፊቷ ነጣ። «ምን አደረጋችሁ? ክብ ያለበት እኮ የሚቆየው ነው!» አለች፤ ያ ቀጭን ድምፅዋ ተሰበረ። «መሠረቱ ደረቅ የሆነ፣ ከሥሩ ውሃ የማያፈስ ቤት ነው ክብ ያለው። ምን ማለት እንደሆነ እንዳይናገሩ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ሰው በየበሩ የራሱን ክብ እንዳይሥል ብዬ። ከአርባው ከግማሽ በላይ ክብ ካለ ቧንቧው ይቀየራል፣ ቤቱ ይጠገናል፣ ሁላችሁም እዚሁ ትኖራላችሁ። ክብ የሌለው፣ ያልተረጋገጠውም ቢሆን፣ እንደ ተበላሸ ነው የሚቆጠረው። ካርታውን ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ማስረከብ አለብኝ!»

የመንትዮቹ እናት የራሷን በር ዞራ አየችው። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እኔ…» ብዬ ስጀምር የጋሼ እጅ ራሴ ላይ አረፈ። ከባድ ነበር፤ ወደ ታች ተጫነኝ። ፀሐይ እንዳይመታኝ ብሎ ይሆናል አልኩ።

«ዝናብ ነው» አለ ጋሼ።

«ዝናብ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው ወደ ጥርት ያለው ሰማይ አንጋጦ። «በየት በኩል መጣ? ከየትኛው ደመና?»

«ትናንት አመሻሽ ላይ ጣል አደረገ።»

በዚህ መሀል እትዬ እሬት ማዶ የቆሙበትን የራሳቸውን በር አዩ፤ በሩ አጠገብ ያለውን ቆንጆ ክብ አዩ፤ ቀጥለው የኔን ነጭ ጣቶች፣ በጠመኔ የነጣውን የቀሚሴን ጫፍ አዩ። አለቀልኝ አልኩ። ይህችን ሴት አውቃታለሁ፤ አትምረኝም።

«አዎ፣ ዘንቧል» አሉ እትዬ እሬት። «እኔም በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። አንቺ የጉድ ልጅ፣ ምን ገትሮሻል? ዝናብ ያበላሸውን ቀሚስ ሂጂና ለውጪ!»

ሮጥኩ። ቀሚሴን እየለወጥኩ የትልልቅ ሰዎች ሞኝነት እንዲህ መጠን የለውም ለካ እያልኩ ተገረምኩ። ዝናብ ብለው አመኑ! ይህን እምነቴን እስከ ባለፈው ወር ድረስ ይዤው ኖሬያለሁ ማለት ያሳፍራል፤ ግን ልጅ ሆኖ ያመለጠ ሰው ያመለጠበትን ቀዳዳ መልሶ አይመረምርም።

ስመለስ ጋሼና መሐንዲሷ ፊት ለፊት ቆመዋል።

«የትኞቹ ላይ እንደነበረ ከትዝታዎ ይንገሩኝ።»

«በትዝታ ቤት አይፈርስም፣ በትዝታም አይድንም። ደግሜ ላዳምጥ።»

«በዚህ ረፋድ? በዚህ ጫጫታ?»

እትዬ እሬት ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ። ለምን እንዳወለቁ የገባኝ መራመድ ሲጀምሩ ነው፤ ድምፅ እንዳይሰማ። ከበር በር ዞሩ። እንደዚያ ቀን ምላሳቸው ሲያምር አይቼ አላውቅም። «ቧንቧ ዝጉ! ሬዲዮ ዝጉ! አፋችሁንም ዝጉ!»

«ሊጡ ይበላሽብኛል እትዬ» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ቤትህ ከሚበላሽ ሊጥህ ይበላሽ!»

ማሽኑ ጉርምርምታውን አቆመ። ሁልጊዜ ስለሚሰማ ድምፅ መሆኑን እንኳ ረስተነው ኖሯል፤ ሲቆም መሬቱ ራሱ የተነፈሰ መሰለ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ተወች። ጫማ ሰፊው ውሻውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አፉን በመዳፉ ከደነ። አንዲት እናት የሚያለቅስ ሕፃኗን ጡት አጎረሰች። አርባ ቤት ሰው በፀሐይ መሀል፣ በየደጁ ቆሞ፣ ለአንድ ሽማግሌ ጆሮ ሲል ዝም አለ።

እኔ ካርታ ስሥል ዛሬም የማስበው ያን ጸጥታ ነው። ስለ ነባር ሰፈሮች ብዙ ጥናት አንብቤያለሁ፤ ስንት ቤት፣ ስንት ሰው፣ ስንት ሜትር ቧንቧ ይላሉ። አብሮ ዝም ማለት የሚችል ሰፈር ገና አልፈረሰም የሚል ግን አንድም አላገኘሁ። እኔው ልጻፈው ይሆናል።

ጋሼ ተንበረከከ፣ አዳመጠ፣ ሣለ፤ ተነሣ፣ ሄደ፣ ተንበረከከ። መሐንዲሷ ከኋላው ሆና ካርታው ላይ ትገለብጣለች። የመንትዮቹ በር ላይ ክቡ ተመለሰ። ዳቦ ጋጋሪው ቤት ደረሰ፤ ያ በፊት ሦስት ጊዜ የተመላለሰበት። አዳመጠ። ቅንድቡ ተነሣ። ክብ ሣለ። ከጎኑ ጫማ ሰፊው ቤት ላይም ሣለ። ዳቦ ጋጋሪው በሊጥ እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ ፊቱ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ማንም አልሳቀም፤ መሳቅ ክልክል ነበርና።

አርባኛው ቤት ሲደርስ ክቡ አስቀድሞ እዚያው አለ። ዘንጉን አሳርፎ ከሁሉም በላይ እዚህ ቆየ። እትዬ እሬት እጃቸውን አጣምረው በላዩ ቆመዋል።

«ምን ይላል?» አሉ በሹክሹክታ።

«ያንሾካሹካል።»

«ከኔ ጋር ይሄን ሁሉ ዘመን ኖሮ ሐሜት ባይማር ነበር የሚገርመው።»

መሐንዲሷ ቆጠረች። «ይህኛውን ጨምሬ ሃያ አንድ ነው። ክቡ እኮ አለ፣ አባት። ይኸው አልጠፋም።»

«ተወው ጋሽ ጆሮ» አለ ዳቦ ጋጋሪው ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ። «አለ ካሉ አለ ነው። አንዲት ክብ ናት።»

ጋሼ እትዬ እሬትን ብቻ አያቸው።

«አጥፋው» አሉ። «ተኝቼ ሳለ ይቅበረኝ እንዴ?»

በራሱ እጅጌ ጠረገው። የምሳሳለት ያ ቆንጆ ክቤ ሁለቴ እጁን ሲያንቀሳቅስ ጠፋ። ጠረገውና ጠመኔውን ኪሱ ከተተ።

«ሃያ» አለች መሐንዲሷ። «ከግማሽ በላይ ነው የሚለው። ግማሽ አይበቃም።» ካርታውን መጠቅለል ጀመረች። ዓይኗ እንባ ሞልቶት ነበር። ሰዉ አሁንም ዝም እንዳለ ነው፤ አሁን ግን ያዘዘው የለም።

ያኔ ቃሪያነቴ ተነሣብኝ። ያ ቅሬታዬ፣ ሁለት ቀን ሲያንገበግበኝ የነበረው፣ አፌን ከፍቶ ወጣ።

«የኛ ቤትስ? የኛን አላዳመጠም! ዘሎት ነው ያለፈው!»

መሐንዲሷ ካርታውን መልሳ ዘረጋች። በጣቷ ተከትላ ቆጠረች። «ሠላሳ ዘጠኝ ነው የተፈተሸው። አባት፣ የራስዎን ቤት ለምን ተዉት?»

«ሰው ለራሱ ቤት አይመሰክርም፣ ልጄ።»

ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ዘንጉን ይስጡኝና እኔ ልመስክር።»

ጋሼ መጀመሪያ አርባኛው ቤት ላይ አስጎነበሳት። «ይሄ የታመመው ነው» አላት። ጆሮዋን ደግፋ ቆየች፤ ፊቷ ተለወጠ። «ሽ… ይላል! እንደ እባብ!» ከዚያ የኛ ደጅ። ተንበረከከች፤ አዲስ ሱሪዋ አቧራ ላይ አረፈ፤ ዓይኗን ጨፈነች። ከአልጋዬ በላይ ያለው ወንዜ ታየኝ፤ ያ ሁሉ ስንጥቅ።

«ምንም አይሰማኝም» አለች በጭንቀት። «ምንም። ዝም ነው።»

«ዝም ካለ ዝም ነው» አለ ጋሼ። «ሦስቴ አዳምጪ።»

ሦስቴ አዳመጠች። ከዚያ ጠመኔ ጠይቃ የሕይወቷን የመጀመሪያ ክብ ሣለች። ድንች ይመስል ነበር። እኔ የተሻለ እሥላለሁ፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ዋጥኩት። የኔ ወንዝ የልስን ስንጥቅ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ መሠረቱ አልተነካም ነበር።

ሃያ አንድ። ጫማ ሰፊው የውሻውን አፍ ለቀቀው፤ መጀመሪያ የጮኸው ውሻው ነው፤ ከዚያ ሁላችንም።

ቧንቧው ተቀየረ። ቤቶቹ አንድ በአንድ ተጠገኑ። ሊጠገን ያልቻለው አንድ ቤት ብቻ ነበር፣ አርባኛው፤ ከሥሩ ባዶ ሆኖ ኖሯል። በፕላኑ መሠረት እሱ ፈርሶ ቦታው የሰፈሩ መቀመጫና የውሃ መቆጣጠሪያ ሆነ። እትዬ እሬት ወገን አልነበራቸውም። ጋሼ «ጓዳችን ሰፊ ነው» አለ፤ ሰፊ አልነበረም። ዕቃቸውን ስናመጣ አንድ ጆንያ ኳስ ወጣ፤ አሥራ አራት ነበሩ፤ አንዱም አየር አልነበረውም። «በይ ውሰጂ» አሉኝ፤ «ሁልጊዜ መስኮቴን ስትስቺ ነበር የማዝንልሽ።» አሥራ ሰባት ዓመት አብረውን ኖሩ። ምላሴ ከእግሬ ቀድሞ መወለዱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሞረዱልኝ ግን እሳቸው ናቸው። ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው፤ ዛሬም ስብሰባ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ዝም ሳሰኝ ድምፄ ውስጥ እሰማቸዋለሁ።

ጋሼ ፊደል እንዳልቆጠረ ያወቅሁትም ከዚያ ወዲህ ነው። ክብ የሣለው መጻፍ ስለማይችል ነበር። ማታ ማታ ጋዜጣ ይዞ ይቀመጥና «ዓይኔ ደክሟል፣ እስቲ አንቺ አንብቢው» ይለኝ ነበር። አነብለት ነበር፤ የማላውቀውን ቃል «ድገሚው» ይለኛል፤ እደግመዋለሁ፣ እስኪገባኝ ድረስ። እሱ እንዲሰማ የማነብ መስሎኝ ነበር። ለብቻዬ ተማርኩ የምለው ሁሉ ከዚያ ይጀምራል።

ባለፈው ወር የሌላ አሮጌ ሰፈር እድሳት ፕላን ስንጀምር የቀድሞ ፋይሎችን አምጪ ተባልኩ። ከመካከላቸው የኛው ረድፍ ተገኘ። የፍተሻው ቅጽ ግርጌ ላይ ፊርማ ሳይሆን የአውራ ጣት አሻራ አለ። ከላይ በመሐንዲሷ እጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፤ «በመጀመሪያው ፍተሻ ደረቅ የተባሉ፦ አሥራ ስምንት።» አሥራ ስምንት። ቁጥሩን የነገራት ጋሼ መሆን አለበት፤ የኛ ቤት እንኳ ቢጨመር አሥራ ዘጠኝ። ጋሼ ያን ምሽት እራቱን ሲገፋ ሰፈሩ እንዳለቀለት ያውቅ ነበር፤ ሊያድነው የሚችል አንድ ሦስት የውሸት ክብ ኪሱ ውስጥ ነበረ፤ አላወጣውም።

ከሥሩ ሌላ መስመር አለ። «ምልክቶቹ በጣለው ዝናብ በመጥፋታቸው ፍተሻው ተደግሟል።» ማኅተም አለው። ቅጹ ደግሞ ጥግ ላይ የአየር ሁኔታ የሚሞላበት ሠንጠረዥ አለው። በዚያው እጅ ጽሕፈት ለሦስቱም ቀን «ፀሐይ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ» ተሞልቷል።

ቢሮው ውስጥ ሰው ነበረ፤ ስለዚህ መስኮቱን የማይ መሰልኩ። ለአርባ ቤት አንዲት ክብ ያልዋሸ ሰው ለኔ ሲል ዋሽቷል። አንዲት መራራ ሴትና አንዲት ባለ ማኅተም መሐንዲስ መስክረውለታል። ሃያ ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ ያታለልኳቸው ብዬ ስኮራ ኖርኩ።

ገጹን ገልብጬ ለጋሼ ወሰድኩለት። ዛሬ ያ ጆሮ የለም፤ ደንቁሯል። ከኛው ደጅ፣ ድንች የመሰለው ክብ ከነበረበት ግድግዳ ሥር ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ጆሮው ሥር ተጠግቼ ሰፈሩ እስኪሰማ ድረስ ጮኼ አነበብኩለት፤ አሥራ ስምንቱን፣ ዝናቡን፣ የአየር ሁኔታውን።

«ፀሐይ ነው የሚለው ጋሼ! ሦስቱንም ቀን! ደመና አልነበረም!»

«ወረቀት ምን ያውቃል» አለ። «ዘንቦ ነበራ።»

«ጋሼ!»

«ዘንቦ ነበር አልኩሽ። ትንሽዬ ዝናብ ነበረች። ቁመቷ ይህቺን ታህል ነበር» ብሎ መዳፉን ከመሬት ከፍ አደረገና፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ራስ የሚደርስበት ላይ አቆመው።